የዝምታው ደንብ

እኔና ባሌ አንድ አልጋ ላይ እየተኛን ስለ አንድ ነገር ብቻ እንዳንነጋገር ምለን ነበር። ስለ ሥራችን። ሌሎች ባልና ሚስት ቢሆኑ እሰየው ይሉ ነበር፤ ሥራ የማይወራበት ቤት ሰላም ነው ይባላል። እኛ ግን የተዋወቅነውም፣ የተጣላነውም፣ የታረቅነውም በሥራ ነው። ሥራውን ከመካከላችን ሲያወጡብን የቀረን የሚንጠባጠብ ቧንቧና የእናቴ ቀልድ ብቻ ነበር።

ሥራችን ፕሮቶን ማስቆጣት ነው። ፕሮቶን በየአተሙ ልብ ውስጥ የተቀመጠ፣ ላይ ላዩን ሲታይ ምንም የማይሰማው የሚመስል ነገር ነው። እኛ ኤሌክትሮኖችን ማፍጠኛ ውስጥ እናስሮጥና ከስስ የብረት ቅጠል ጋር እናላትማቸዋለን፤ ሲላተሙ ፍጥነታቸው ይሰበርና ብርሃን ይተፋሉ። ዓይን የማያየው ኃይለኛ ብርሃን ነው። ያ ብርሃን፣ ቀዝቅዞ ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ ሃይድሮጅን ውስጥ ገብቶ ፕሮቶኑን ይመታዋል። ፕሮቶኑ ይቆጣል። ቁጣው ግን ዓይን ተርገብግቦ እስኪመለስ እንኳ አይቆይም፤ ሜሶን የሚባል ቅንጣት ይተፋና ወደ ዝምታው ይመለሳል። ያችን የቁጣ ቅጽበት ሬዞናንስ እንላታለን። ባሌ ገና እንደተዋወቅን «አንቺን ለማጥናት ማፍጠኛ አያስፈልግም» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። እኔ ቶሎ እቆጣለሁ፣ ቶሎ እበርዳለሁ። እሱ ግን ንዴቱንም ፍርሃቱንም ሆዱ ውስጥ ቀብሮ የሚኖር ሰው ነው።

በስሌት ከሄድን ፕሮቶን ብዙ ዓይነት ቁጣ ሊኖረው ይገባል። በመለኪያ ግን ከተባሉት ውስጥ ብዙዎቹ ጨርሶ አልተገኙም። «የጠፉት» እንላቸዋለን፤ እኛ ከጠፉት አንዱን እንፈልግ ነበር። ዘዴው ለመናገር ቀላል ነው። የብርሃኑን ኃይል በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ፣ ኤታ የሚባለው ሜሶን በየእርከኑ ስንት ጊዜ እንደተተፋ መቁጠር ነው። ቆጠራው በሥዕል ሲሰፍር፣ የጠፋው ቁጣ ካለ መስመሩ ላይ ትንሽ ጉብታ ይወጣል። ከሌለ ሜዳ ነው።

የባሌ ኑሮ በዚያ ጉብታ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እኔ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ፤ እሱ በኮንትራት ነው። ጉብታው ከተገኘ የመለኪያው አዳራሽ ለተጨማሪ ዙር ይሰጠናል፣ የእሱም ኮንትራት ይታደሳል። ሜዳ ከሆነ አዳራሹን ሌሎች ይወስዱታል፣ ባሌም ዕቃውን በካርቶን ይዞ ይወጣል። ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ማን ይቀጥረዋል? ይህን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ አንድም ቀን ግን አንስተነው አናውቅም።

ችግሩ ጉብታ የተራበ ዓይን ጉብታ ማየቱ ነው። የቡድናችን አለቃ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማያውቁ ሰው ናቸው፤ በሌሉበት «ጋሼ መጋረጃ» እንላቸዋለን። ስሙን ያወጣንላቸው ሠራተኛውን ለሁለት ስለከፈሉት ነው፤ አንዱ ቡድን ላይኛው ፎቅ፣ ሌላው ምድር ቤት። ሁለቱም ያንኑ መረጃ ይወስዳሉ፤ በየራሳቸው መንገድ አጣርተው፣ በየራሳቸው ቆጥረው፣ በየራሳቸው ሥዕሉን ይሥላሉ። እስከ መክፈቻው ቀን ድረስ አንዱ የሌላውን አያይም። ሁለቱ ሥዕሎች ከተስማሙ ነገሩ እውነት ነው ተብሎ ለዓለም ይነገራል፤ ካልተስማሙ የሚነገር ነገር የለም። ሁለተኛም ደንብ አላቸው፦ ማጣሪያህንና የእርከኖችህን ስፋት ሥዕሉን ሳታይ ትመርጣለህ፤ አንዴ ካየህ በኋላ አትነካውም። ካየ በኋላ የሚነካካ ሰው የሚሠራው ከፕሮቶኑ ጋር ሳይሆን ከምኞቱ ጋር ነው ይላሉ።

ለእኔ ላይኛው ፎቅ ደረሰኝ፣ ለባሌ ምድር ቤት። ከውጭ የሚመጡት ገምጋሚዎች ይህን ሲሰሙ አጉረመረሙ። ጋሼ መጋረጃ ሁለታችንንም ቢሯቸው አስጠሩን።

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል» አሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «እኔ የምፈልገው ግን ከሁለት ባሕር የተቀዳ ነው።»

«እኛ ከሁለት ቧንቧ ነው የተቀዳነው ጋሼ» አለ ባሌ። «የእሷ ፍል ውሃ ነው።»

እኔ ሳቅኩ፤ እሳቸው አልሳቁም። «ቤታችሁ ውስጥ ስለዚህ ሥራ አንዲት ቃል ብትወጣ የሁለታችሁም ድካም ቅርጫት ይገባል። ማሉልኝ» አሉን። ማልን።

መሐላችንን ጠበቅን፤ ይህን ማንም አይወስድብንም። ቤት ስንገባ ቦርሳችንን በር ላይ አስቀምጠን ነው የምናልፈው። አንድ ቀን ባሌ ልብስ እያጠፈ ሳያስበው «ዛሬ እኮ የመለኪያው ክሪስታሎች...» ብሎ ሲጀምር ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ ከክፍሉ ወጣሁ። እናቴ አብራን ነው የምትኖረው፤ ከማድ ቤቱ አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል የእሷ ናት። ይህን አይታ «የባልና ሚስት ኩርፊያ ብዙ አይቻለሁ» አለች፣ «በደመወዝ የሚያኮርፍ ግን ገና ዛሬ አየሁ።»

ባሌ ደስ ሲለው ያፏጫል። ዜማ አይደለም፤ ማንቆርቆሪያ ሊፈላ ሲል የሚያሰማው ዓይነት ነገር ነው። መክፈቻው ሲቃረብ ማፏጨት ጀመረ። ጺሙን ሲላጭ ያፏጫል፣ ጫማውን ሲጠርግ ያፏጫል፣ የእናቴን መድኃኒት ሊገዛ ደረጃውን ሲወርድ ያፏጫል። ለመክፈቻው ቀን ብሎ ከረቫት ገዛ፤ ከተጋባን ወዲህ ከረቫት ሲገዛ አላየሁትም። አፉ ምንም ባይናገር ፉጨቱ ተናገረ። ምድር ቤት ጉብታው እንደታየ ገባኝ። መስማት አልነበረብኝም፤ ግን ሰው ጆሮውን የት ያስቀምጠዋል? እሱ ሲያፏጭ እኔ የዕቃ ማጠቢያውን ቧንቧ እከፍት ነበር፤ ቢያንስ የውሃው ድምፅ ይሸፍነው ብዬ።

በዚያው ሰሞን የእናቴ እግሮች ማበጥ ጀመሩ። ሥራ አስፈቅጄ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል ኩላሊቶቿ እየደከሙ መሆናቸውን፣ ብዙ ሳይቆይ እጥበት መጀመር እንዳለባት ነገረን። እናቴ የተናገረውን ሁሉ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችና «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ብላው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ስንደርስ እጄን ያዘችኝ።

«ለእሱ እንዳትነግሪው።»

«ለማን?»

«ለባልሽ ነዋ። ሥራው ይለይለት መጀመሪያ። እሱ ሲጨነቅ አያወጣውም፤ ውስጥ ውስጡን ነው የሚበላው። ሁለት ጭንቀት በአንድ ጊዜ አይችልም። ያ የምትከፍቱት ነገራችሁ ይከፈት፣ ከዚያ ትነግሪዋለሽ።»

«እማዬ፣ እኔስ? እኔ ሁለት እችላለሁ?»

«አንቺ ትጮሂና ይወጣልሻል። እማዬ ትሙት በይ።»

«በታመመ ሰው ይማላል እንዴ!» ብዬ ጮህኩባት። የሚያልፉት ሁሉ ዞረው አዩን። እሷ ግን እጄን አልለቀቀችም። እናቴ አንድ ነገር ከያዘች ያዘች ነው። ማልኩላት። እንግዲህ ሁለተኛው መሐላዬ መሆኑ ነው።

በማግስቱ የእኔ ሥዕል ወጣ። ማጣሪያችንንና እርከኖቻችንን አስቀድመን ወስነን ስለነበር የቀረን ማየት ብቻ ነበር። ጉብታው ቁልጭ ብሎ ቆሟል። አብራኝ የምትሠራው ባልደረባዬ ከወንበሯ ዘላ ተነስታ አቀፈችኝ። እኔም ደስ አለኝ። ስንት ዘመን የተፈለገ ነገር ነው፤ የባሌም ኑሮ ተረፈ አልኩ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ግን ያለቀስኩት ለጉብታው አልነበረም። የእናቴ ያበጡ እግሮች ናቸው የመጡብኝ።

እኔ ሆዴ ያለውን ፊቴ ላይ ይዤ የምዞር ሰው ነኝ። ቤት ስገባ ፊቴ ጨልሞ ነው የሚገባው። እናቴ ሳህኗን ልታነሳ ስትል ቀድሜ እቀማታለሁ። ባሌ ያየኛል፤ ዓይኑን ያነሳል፤ መልሶ ያየኛል። አንድ ምሽት ሦስታችንም ሾርባ ከበን ተቀምጠን ሳለ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ምን ሆነሻል?» አለኝ።

«ምንም አልሆንኩም።»

«ፊትሽ እንዲህ አይደለም። ስንት ቀንሽ እንዲህ ከሆንሽ።»

እናቴ ጠረጴዛው ሥር በእግሯ ነካችኝ።

«ከሥራ ነው?» አለ ባሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አይደለም ብዬ ብመልስ «ታዲያ ከምንድን ነው?» ሊለኝ ነው። ዞር ዞር ብዬ የምደበቅበት ሳጣ በቅርብ ያገኘሁት ደንቡን ነበር። «ደንቡን ታውቃለህ» አልኩት። «አትጠይቀኝ።»

«እሺ» አለና ማንኪያውን አነሳ። ሾርባውን ግን አልጨረሰውም። ከዚያን ምሽት ወዲህ ፉጨቱን አልሰማሁትም። ተቀይሞኝ ነው አልኩ፤ ይበርድለታል አልኩ። ልቤ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ስለቀረ ከዚያ በላይ አላሰብኩበትም።

የመክፈቻው ቀን ጠዋት ባሌ አሮጌውን ሹራብ ለብሶ ወጣ። ከረቫቱ መሳቢያው ውስጥ ከነላስቲኩ ቀርቷል። አየሁት፤ መሳቢያውን ገፍቼ ዘጋሁት።

ጋሼ መጋረጃ መክፈቻውን በዘመናዊ መንገድ አያደርጉትም። ድሮ ሐኪም ቤት የኤክስሬይ ፊልም ይታይበት የነበረ የመብራት ሳጥን ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ስብሰባ ክፍሉ መካከል ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል። እያንዳንዱ ቡድን ሥዕሉን ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ አትሞ፣ ፖስታ ውስጥ አሽጎ ያመጣል። ሁለቱ ፕላስቲኮች መብራቱ ላይ ይደራረባሉ። የእኛ ሰማያዊ ነው፣ የምድር ቤቱ ቀይ። ሰው ሁሉ ጠረጴዛውን ከቦ ቆመ። ከውጭ የመጡት ገምጋሚዋ፣ ፀጉራቸውን አጥብቀው ያሰሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት፣ ከጋሼ መጋረጃ አጠገብ ቆመዋል።

ሰማያዊው መጀመሪያ ተቀመጠ። መስመሩ ለጥ ብሎ መጣ፣ መጣና ተነሳ። ከበስተኋላዬ አንድ ሰው ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ። እኔ ባሌን አየሁት። ሰማያዊውን ሲያይ ደም ከፊቱ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። የደነገጠ ሰው ፊት ነው። ደስታ ነው ብዬ ራሴን ለማታለል ሞከርኩ።

ከዚያ ጋሼ መጋረጃ ቀዩን ላዩ ላይ አነጠፉት። ቀዩ መስመር ጉብታው ሥር ሲደርስ፣ ስሙ ሲጠራ እንዳልሰማ ሰው ቀጥ ብሎ አልፎ ሄደ።

 ገምጋሚዋ ጎንበስ ብለው ቀዩን አስተዋሉት። «እርከኖቹ ሰፋፊ ናቸው» አሉ።

«ቆጠራው ትንሽ ስለሆነ ነው» አለ ባሌ። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

«ጥንቃቄ ነው፤ መልካም።» ወደ እኔ ዞሩ። «የእርስዎ ጠባብ ናቸው።»

«ጠባብ ያደረግናቸው ከማየታችን በፊት ነው» አልኩ።

«አልተጠራጠርኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። የባለቤትዎ ኮንትራት መታደስ በዚህ ጉብታ ላይ ነው የተመሠረተው የሚባለው እውነት ነው?»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ዓይን ሁሉ ፊቴ ላይ ወደቀ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ያልገባው አልነበረም። ለባሏ ብላ ጉብታ ሠራች፤ ባሏ ግን ጨዋ ስለሆነ አልሠራም። ደሜ ፈላ። ባሌን አየሁት፤ አንድ ቃል በለኝ ብዬ በዓይኔ ለመንኩት። እሱም ጉብታውን እንዳየው አውቃለሁ። እርግጠኛ ነኝ። ግን ምን ማስረጃ ላቅርብ? አፏጭቷል ልበል? እሱ የመብራት ሳጥኑን ጠርዝ በጣቱ እየነካካ ዓይኑን አላነሳም። ብዙ ነገር ችዬለት አውቃለሁ፤ ያችን ዝምታ ግን አልቻልኳትም።

«እውነት ነው» አልኩ። «ጉብታውም እውነት ነው።»

«አልተስማማም» አሉ ጋሼ መጋረጃ፤ መብራቱንም አጠፉት።

መኪና ውስጥ ገብተን ቁልፉን ሳያዞረው ተቀመጠ። ሠራተኞች በአጠገባችን እያለፉ ነው፤ አንዳንዱ ጎንበስ ብሎ አይቶን ይሄዳል። ደንቡ ከተነሳ ገና ሰዓት አልሞላውም። የመጀመሪያው ወሬያችን ይኸው ሆነ።

«አይተኸዋል» አልኩት።

«አይቼዋለሁ።»

«እና ምን አደረግከው?»

«እርከኖቼ እንደ አንቺው ጠባብ ነበሩ። ጉብታው እንደ አንቺው ነበር፤ ቦታው ሳይቀር። ዛሬ ሰማያዊውን ሳይ የራሴን ሥዕል ነው ያየሁት።» መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «ከዚያ ያን ምሽት ጠየቅኩሽ። ደንቡን ታውቃለህ አልሽኝ። በቃ፣ የእሷ ሜዳ ነው አልኩ። ጉብታ አይታ ቢሆን ፊቷ እንዲህ አይጨልምም፤ ለእኔ አዝና ነው አልኩ። አንቺ ከእኔ ይልቅ ጠንቃቃ ነሽ። የቸገረው ሰው ጉብታ አየ፣ ሚስቱ ግን አላየችም ሲባል ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። አፈርኩ። እርከኖቹን አሰፋኋቸው።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የፊዚክስ ሰው መሆን አያስፈልግም። ዓይኑ በሰፋ ወንፊት ደቃቅ እህል ቢነፉ ሁሉም ያልፋል፤ ወንፊቱ ላይ ምንም አይቀርም። ወንፊቱ አልዋሸም፤ እህሉም ነበር። ማንም ሰው ሰፊ እርከን መምረጥ ይችላል፣ ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ ካዩ በኋላ መምረጥ ነው። ባሌም ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ለሌሎች ሲያስተምረው ኖሯል።

«ፊቴ ስለ እማዬ ነበር» አልኩት።

«ምን?»

«ኩላሊቷ ነው። እጥበት ልትጀምር ነው። አንተ እንዳትጨነቅ ብላ አስማለችኝ። ሥራው እስኪለይለት አለች።»

ግንባሩን መሪው ላይ ደፋው።  ቀና ሲል፣ አብረን ስንኖር አንድም ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሰው መኪናው እስኪነዝር ጮኸ። «ለምን አልነገርሽኝም!»

«ምዬ!» ብዬ እኔም ጮህኩ። «አንተስ? እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስዋረድ አንድ ቃል ጠፋህ? ፊቴን ማንበብ የምትችለው ስትሳሳት ብቻ ነው?»

ቁልፉን አዞረው። እኔ ጮኼም አልወጣልኝም። እናቴ ትጮሂና ይወጣልሻል ስትለኝ ተሳስታለች።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ መጋረጃ ቢሮ አብረን ሄድን። ባሌ ቆሞ ነው የተናገረው፤ ከፉጨቱ በቀር ምንም አላስቀረም። እሳቸው አላቋረጡትም። ሲጨርስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አምንሃለሁ» አሉ። «የእኔ ማመን ግን ምን ይረባል? ትናንት ፖስታው ሳይከፈት ብትመጣ፣ ያንተን ሥራ ጥዬ ሌላ ቡድን አቆም ነበር። ዛሬ የእሷን ሥዕል አይተሃል። እሷም በሰው ፊት ተጠርጥራለች። ከእንግዲህ የምትለው ሁሉ ባል ለሚስቱ የሚሰጠው ምስክርነት ነው።»

«የቀድሞው ሥዕል ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ፤ ቀኑም አለበት።»

«ይኑር። የሚመሰክረው ካየህ በኋላ መንካትህን ነው። ለምን ነካህ ስትባል ደግሞ የሚስቴን ፊት አይቼ ልትል ነው። እና ሁለት ምስክር አለን ብዬ ለማን ልንገር? አፍ ለአፍ እንዳትነጋገሩ ከለከልኳችሁ፤ ፊት ለፊት እንዳትተያዩ መከልከል ነበረብኝ።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ለገምጋሚዎቹ እጽፍላቸዋለሁ፤ መጻፍ ግዴታዬ ነው። መልሳቸውን ግን ከአሁኑ ነግሬሃለሁ። አዳራሹን ይወስዱታል።»

«ኮንትራቱስ?» አልኩ እኔ። እሱ እንደማይጠይቅ አውቃለሁ።

ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

«ታዲያ ፕሮቶኑ ምን አጠፋ?» አልኩ። ድምፄ ተሰበረ። «እኛ ብንሳሳት እሱ ተቆጥቷል እኮ! ሁለታችንም አይተነዋል!»

«ምንም አላጠፋም ልጄ» አሉኝ። በሕይወታቸው ልጄ ብለውኝ አያውቁም። «አንድ ቀን ሌሎች፣ ሌላ ቦታ ያዩታል። ያን ጊዜ እኛም አይተነው ነበር ብለን አንናገርም።»

ቤት ስንገባ እናቴ መስኮቱ አጠገብ ሻይዋን ይዛ ተቀምጣለች፤ እግሮቿን ትራስ ላይ ሰቅላቸዋለች። ትናንት ደክሞናል ብለን ሳናዋራት ነበር የተኛነው። ባሌ ሄዶ ግንባሯን ሳማት። ማወቁን አታውቅም። በመንገድ ላይ ይህን ተስማምተን ነበር፤ እውነቱን እንነግራታለን፣ ዛሬ ግን አይደለም አልን። ሕመሟንና የእሱን ከሥራ መውጣት ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትችልም አልን። ይህን ስንል የማን ቃል እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል፤ ግን ሌላ ቃል አላገኘንም።

«እንዴት ሆነ ልጄ? ተከፈተ?» አለችው።

«ተከፈተ እማማ። ደህና ነው።»

«ተመስገን! እኔማ ፊታችሁን ሳይ ደንግጬ ነበር።»

ማድ ቤት ገብቼ ዕቃ ላጥብ ስል ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች ተከተለችኝ። በሩን ገፋ አድርጋ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። ፊቷ በደስታ ፈክቷል፤ ከታመመች ወዲህ እንዲህ ሆና አላየኋትም።

«አየሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «እንኳን አልነገርሽው። በእኔ ነገር ሐሳቡ ተበታትኖ ቢሆን ኖሮ ሥራው ምን ይውጠው ነበር?»

«አዎ እማዬ» አልኳት። «እንኳን አልነገርኩት።»

ከሳሎን ባሌ ማፏጨት ጀመረ። እንድትሰማው ብሎ ነው። የወትሮው የማንቆርቆሪያ ድምፅ አልነበረም፤ ትንፋሹ እየተቆረጠ ነበር የሚያፏጨው። እናቴ ግን «ይኸው፣ ማፏጨቱንም ጀመረልሽ» ብላ ሳቀች። ፊቴን እንዳታይ ቧንቧውን ከፍቼ ወደ ዕቃው ዞርኩ።